የተውሶ ልጆች

በዓመት አንድ ቀን፣ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት እስከ አራት ሰዓት፣ አገሩ ባለበት ይቆማል። ባቡሩ በሐዲዱ ላይ፣ አውቶቡሱ በዳገቱ ላይ፣ ሙሽራዋም በአጀቧ መሀል ትቆማለች። ከሕጉ ነጻ የሆኑት ምጥ የያዛት ሴት፣ አስከሬንና እሳት አጥፊ ብቻ ናቸው። ሰው ይህን ሰዓት «ቁም» ይለዋል። መጀመሪያ ሰሞን ብዙ ተረግሟል፤ ኋላ ግን ተለመደ፣ እንዲያውም ተወደደ። አንድ የሐይቅ ነጋዴ መንገድ ላይ በቁም ተይዞ፣ አጠገቡ ከቆመች የማያውቃት ሴት ጋር አንድ ሰዓት ሙሉ ሲያወጋ ቆየና በወሩ ሽማግሌ ላከ ይባላል።

ቁም የመጣው በተማሪ ጣጣ ነው። በአባቶቻችን ዘመን መጽሐፉም፣ መምህሩም፣ ወንበሩም ለትምህርት ቤት የሚመደበው በተማሪ ቁጥር ስለነበር፣ ቁጥሩ እንደ ሊጥ ኩፍ ይል ነበር። ስሙ ተጽፎ አካሉ የሌለ ልጅ፣ ከሞተ ሦስት ዓመት የሆነው ልጅ፣ ገና ያልተወለደ ልጅ ሁሉ ይማር ነበር። በአንድ ወረዳ የተማሪው ቁጥር ከነዋሪው በልጦ ተገኘና ሹማምንቱ ሲጠየቁ «ሕዝባችን ትምህርት ይወዳል» አሉ። የጣት አሻራ መጣ፤ ጣት ተገኘለት። የዓይን ምስል መጣ፤ ዓይን ተገኘለት። በመጨረሻ ስምም አካልም ያለው ልጅ በጭነት መኪና እየተጫነ ጠዋት አንዱ ትምህርት ቤት፣ ረፋድ ላይ ሌላው፣ ከሰዓት ደግሞ ሦስተኛው ጋ ይቆጠር ጀመር። መንግሥትም ሌላ መላ ሲያጣ አገሩን አቆመው። ልጅ ሁለት ቦታ የሚቆጠረው መንገድ ሲኖር ነዋ።

በሁለት ሺህ ዘጠና አንድ ዓመተ ምሕረት፣ በኅዳር ወር፣ ቁም ሊደርስ አንድ ቀን ሲቀረው፣ መዲና አራጋው ከቢሮዋ ወጥታ አየሩን አሸተተች። መዲና በወሎ የዋርካ ምንጭ ትምህርት ቤት ርዕሰ መምህርት ናት። ዕድሜዋ ሃምሳ ሁለት ነው፤ ግማሹን ያሳለፈችው በዚሁ ግቢ ነው። የሸተታት የበግ ሥጋ ነበር። አንድ ቤት ቢሆን ሰው ስለት ገባ ትል ነበር። ከግቢው አጥር ላይ ሆና ስትቆጥር ግን አሥራ አንድ ቤት ታርዷል። ዓረፋ አልፏል፣ ገና አልደረሰም፣ ሠርግ አልተጠራችም። በጎቹ ምን አጠፉ?

በዋርካ ምንጭ የትምህርት ቀን የሚጀምረው ከበሩ ነው። በሩ የልጁን ስም ይጠራል፤ ልጁ «አለሁ» ይላል፤ ይገባል። በየክፍሉ ያሉት የምስል መምህራን የሚበሩት በሩ ባስገባው ልጅ ልክ ነው። የሰባተኛ ክፍሉ የሳይንስ መምህር፣ ሦስት ተማሪዎች ወደ ኮምቦልቻ ከሄዱበት ወዲህ፣ ከወገቡ በላይ ብቻ ነው የሚታየው። ልጆቹ ለምደውታል። «መምህር፣ እግርዎ መቼ ይመጣል?» ይሉታል። እሱም ሳይቆጣ «ጥያቄህ ከዛሬው ትምህርት ጋር አይገናኝም» ብሎ ይቀጥላል። ርዕሰ መምህር ግን ምስል መሆን አይችልም። ሕጉ ሥጋ ለባሽ ይሁን ይላል፤ በዓመት አንዴ የሰው ድምፅ ስለሚያስፈልግ ነው።

ያ ድምፅ የሚያስፈልገው በቁም ቀን ነው። በሩ ይቆጥራል፤ ከሩቅ የመጣ ቆጣሪ ይቆጥራል፤ በመጨረሻ ርዕሰ መምህሩ ሕዝብ ፊት ቆሞ «ቁጥሩ እውነት ነው» ይላል። ድምፁ ይቀመጣል፤ ሰውየው ቢሞት እንኳ አይጠፋም። መዲና ይህችን ሦስት ቃል ለዓመታት ያለ አንዳች ጭንቀት ብላታለች። ዘንድሮ ግን ከመስከረም ጀምሮ እንቅልፍ የላትም። ሁለት መቶ አርባ ተማሪ ያለው ትምህርት ቤት ዘጠነኛ ክፍል ይኖረዋል፤ ሁለት መቶ ሠላሳ ዘጠኝ ያለው አይኖረውም። እሷ ያሏት ሁለት መቶ ሃያ ስድስት ናቸው። ይህን ዘጠነኛ ክፍል ስምንት ዓመት ደጅ ጠንታ ነው ያመጣችው። በውስጡ አሥራ አራት ልጆች አሉ፤ ዘጠኙ ሴቶች ናቸው። ክፍሉ ከተዘጋ ቆላ ወርደው፣ አዳሪ ሆነው መማር አለባቸው። ወላጅ ወንዶቹን ይልካል። ሴቶቹን ግን «ሩቅ ነው» ይላል፤ በዋርካ ምንጭ «ሩቅ ነው» ማለት በቃ ማለት ነው።

መዲና ይህን እያሰበች ሐጂ ሁሴን ፈንታው ከዘራቸውን እየተመረኮዙ መጡ። ሐጂ ሁሴን የወላጆች ኮሚቴ ሰብሳቢ ናቸው፤ ሰባ ስምንት ዓመት ሆኗቸዋል። አርባ ዓመት መንገድ ሲቀይሱ የኖሩ ሰው ናቸው። የልጅ ልጃቸው ረውዳ ዘጠነኛ ክፍል ናት።

«ደህና ዋልሽ፣ መዲና ልጄ?»

«አልሐምዱሊላህ። ሐጂ፣ እነዚህ በጎች ምን በደሉ?»

ሐጂ መዋሸት አይችሉበትም። ዘለግ ያለ ሳል ሳሉ።

«እንግዶች መጥተውብን ነው።»

«ስንት?»

«ሃያ ሦስት።»

«ዕድሜያቸው?»

ከዘራቸውን መሬቱ ላይ ጫን ጫን አደረጉ። «ከሰባት እስከ አሥራ አራት» አሉ፤ ከዚያ ዓይናቸውን ከአጥሩ ማዶ ወረወሩ።

መዲና ገባት። ሐጂም እንደገባት አዩና አጠገቧ ካለው ድንጋይ ላይ ተቀመጡ።

«ከአንቺ ምን ይደበቃል። የሄዱብን ልጆች ናቸው። ወላጆቻቸውን ለምነን ነው ያመጣናቸው። ትናንት በበሩ ፊት ‹ልጄን መልሻለሁ› አሉ፤ እሱም ‹እንኳን ደህና መጣህ› እያለ ሁሉንም ጻፈ። ቅዳሜ ይመለሳሉ።»

«ሐጂ፣ ይሄ ማታለል ነው።»

«ማታለልማ የሌለ ልጅ መጻፍ ነው! እኛ የሌለ ልጅ ጻፍን? ወላሂ አንድም! ሥጋና ደም ናቸው። እትብታቸው እዚህ ነው የተቀበረው። አንቺው ፊደል ያስቆጠርሻቸው አሉበት። ሰው ሲደግስ ከጎረቤት ድስት ይዋሳል፤ እኛ ልጅ ተዋስን። ምን ነውር አለው?»

«ድስቱን ያዋሰው ቤት ያን ቀን በምን ይሠራል? ነገ ሦስት ሰዓት ላይ ከተማ ውስጥ ሃያ ሦስት ወንበር ባዶ ይሆናል። እዚያም የአንዱ ክፍል መምህር ይጠፋ ይሆናል።»

«ከተማ ልጅ ሞልቶታል።»

«ደግሞስ የሚጎድለን አሥራ አራት ነው። ሃያ ሦስት ምን ያደርጋል?»

ሐጂ በጥያቄው ከልባቸው ተገረሙ። «ለድግስ በልክ ይሠራል እንዴ? ትንሽ ይትረፍ ብለን ነዋ!»

መዲና ሳታስበው ሳቀች። ሐጂም ሳቁ። ከዚያ ግን ፊታቸው ወዲያው ከበደ።

«ረውዳን አስቢያት» አሉ ቀስ ብለው። «ዋሺ አላልኩሽም። የዘወትሯን በይ፣ ሦስት ቃል ናት።»

መዲና እሺም እምቢም አላለችም። ሐጂ ዝምታዋን እሺታ አድርገው ይዘው ሄዱ።

እውነቱን ለመናገር መዲና አመንትታለች። ወደ ቤቷ ስትሄድ መንገድ ላይ ከተውሶ ልጆቹ ሁለቱን አገኘች፤ አንደኛ ክፍል ያስተማረቻቸው መንትዮች ነበሩ። ሮጠው ጉልበቷን አቀፉ፤ ደስ አላት። «ቢቀሩልኝ» ብላ ተመኘች። ምኞት ደግሞ ቶሎ ምክንያት ያበጃል። ማን ይጎዳል? በሩ አምኗል፤ እናቶቹ ፈቅደዋል፤ አሥራ አራት ልጅ ይማራል።

ነገር ግን መዲና ዘጠኝ ዓመቷ ሳለ የሆነ አንድ ነገር አለ። የተማረችበት ትምህርት ቤት መዝገብ ላይ ሦስት መቶ ስም ነበር፤ ግቢው ውስጥ ግን መቶ አሥር ልጅ። ነገሩ ሲወጣ ትምህርት ቤቱ አራት ዓመት ታሸገ። የጻፉት ሰዎች ወደ ሌላ ቦታ ተዛወሩ። የሌሉት ልጆች ምንም አልሆኑም፤ ስለሌሉ። ቤት የቀሩት መቶ አሥሩ ናቸው። ታላቅ እህቷ ዚነት ስድስተኛ ክፍል ነበረች፤ ስድስተኛ ክፍል እንደሆነች ኖራ ሞተች። መዲና ይህን ለሰው አታወራም። ስትቆጥር ግን ሁልጊዜ ዚነትን ታስባታለች።

በማግሥቱ ቆጣሪው በጊዜ ደረሰ። አቶ ዶሌቦ ይባላል፤ ከወላይታ ነው የመጣው። ቆጣሪ ዘመድ ከሌለው አገር ይላካል፣ በሚቆጥርበት ቀበሌም ውሃ እንኳ አይቀምስም። ይህ ሕግ በዋርካ ምንጭ ከሁሉም ሕግ የከበደ ነው። የመጣን ሰው ጾሙን ከማዋል መታሰር ይሻላል የሚሉ አሉ። አንዲት ባልቴት እርጎ ይዘው መጥተው እጁን ሲያወዛውዝባቸው የሆድ ሕመምተኛ መስሏቸው ቆመው ዱዓ አደረጉለት። አቶ ዶሌቦ አሜን አለና ከኪሱ የራሱን ቆሎ አውጥቶ ቆረጠመ። ከቦርሳው ደግሞ የባቄላ ከረጢቱን አወጣ። ማሽኖቹ ሁሉ አንዴም ሁለቴም ከተሸነገሉ ወዲህ ቆጣሪዎች በባቄላ ነው የሚቆጥሩት፤ ለአንድ ልጅ አንድ ፍሬ።

ሦስት ሰዓት ሲሆን ወፍጮው ዝም አለ። ከታች በመንገዱ የሚያልፈው አውቶቡስ ቆመ፤ ተሳፋሪዎቹ ወርደው ድንጋይ ድንጋይ ላይ ተቀመጡ። የምስል መምህራኑ እንኳ አፋቸውን ከፍተው ደርቀው ቀሩ። የዋርካ ምንጭ ሰው ትንሽ ትልቁ በአጥሩ ዙሪያ ቆሟል፤ የሚሰማው የሕፃናት ልቅሶና የበሩ ድምፅ ብቻ ነው። በሩ ስም ይጠራል፣ ልጅ «አለሁ» ይላል፣ ባቄላ ኮሮጆ ውስጥ ጠብ ትላለች።

ያኔ ነው የዋርካ ምንጭ ልጆች ማንም ያላዘዛቸውን ነገር ያደረጉት። ሰልፉ በክፍል በክፍል ነበር። ረውዳ ከዘጠነኛዎቹ ፊት ቆማ ሳለ የተውሶ ልጆቹ ከኋላ ፀሐይ ላይ መቆማቸውን አየችና ዝቅ ባለ ድምፅ «እናንተ እለፉ፤ እንግዳ አይቆምም» አለቻቸው። ጓደኞቿም መንገድ ለቀቁ። ስምንተኞቹ እነሱን አይተው ለቀቁ፤ ሰባተኞቹም እንዲሁ። ጥላው ሥር የነበሩት ወንበሮች አንድ በአንድ ወደ ተውሶዎቹ ዞሩ። አንድ ፍንጭት የአንደኛ ክፍል ልጅ የራሱን መቀመጫ ዱካ ተሸክሞ መጥቶ ከሱ በሦስት እጅ ለሚበልጥ ልጅ አስቀመጠለትና ፀሐይ ላይ ሄዶ ቆመ። ሐጂ ሁሴን ከአጥሩ ላይ ይህን ሲያዩ ግንባራቸውን በመዳፋቸው ያዙ። ሃያ ሦስቱን ልጆች ምን ብለው እንደሚመልሱ አስጠንተዋቸው ነበር። ለራሳቸው ልጆች ጨዋነታቸውን እንዲተዉ መንገር ግን አላሰቡም።

«ሁለት መቶ አርባ ዘጠኝ» አለ በሩ። «ሙሉ ነው።»

አቶ ዶሌቦም ባቄላውን ጨርቅ ላይ አፍስሶ ቆጠረ። ሁለት መቶ አርባ ዘጠኝ ሆነ። ቀና ሲል ፊቱ ላይ ፈገግታ ነበር።

«ርዕሰ መምህርት» አለ፣ «ሃያ ትምህርት ቤት ቆጥሬያለሁ። ሲገፋፉ እንጂ ልጅ ለልጅ ወንበር ሲለቅ አላየሁም። ይህን በሪፖርቴ ላይ እጽፈዋለሁ፤ ሌላው አገር እንዲማርበት። ማን ነው እንዲህ ያሳደጋቸው?»

መዲና ልጆቿን አየቻቸው። ያ ፍንጭት አሁንም ፀሐይ ላይ ቆሞ ዓይኑን ያጨማድዳል። በሕይወቷ እንደዚያች ደቂቃ ኮርታ አታውቅም፤ እንደዚያች ደቂቃም አፍራ አታውቅም። ልጆቿ ያደረጉት የሚያኮራ ነው፤ ያደረጉበትን ምክንያት ግን ሐሰት ሊውጠው ነው። አሁን ዝም ብትል ጨዋነታቸው ራሱ የውሸቱ አካል ሆኖ ይጻፋል።

«ድምፅዎን» አለ አቶ ዶሌቦ።

ወደ በሩ ቀረበች። ሦስት ሰዓት ከሃምሳ ነበር።

«ቁጥሩ እውነት አይደለም» አለች።

ከአጥሩ ዙሪያ ጉምጉምታ ተነሣ። በሩ ትንሽ ዘገየ።

«የቀረ ልጅ አለ?» ሲል ጠየቀ።

«የለም።»

«እንግዲያው ምን ያህል ይጨመር?»

«አይጨመርም። ይቀነስ።»

«እባክዎ ይድገሙት» አለ በሩ። በሩ የተሠራው «ልጅ ቀረብኝ» ለሚል ስሞታ ነበር፤ በአገሩ ታሪክ ያነሰ ቁጥር የጠየቀ ርዕሰ መምህር ስላልነበረ እንዲህ ላለው መልስ አልተበጀለትም። መዲና ሦስት ጊዜ ደጋገመችለት። ከዚያ ትታው ወደ አቶ ዶሌቦ ዞረች።

«ሃያ ሦስቱ እንግዶቻችን ናቸው» አለች። «ሁሉንም አውቃቸዋለሁ፤ አንዳቸውም ያጠፉት ነገር የለም። ልጆቼ ወንበር የለቀቁላቸው ለዚህ ነው፤ በእኛ አገር እንግዳ አይቆምም። ምስጋናውን ይጻፉት፣ ደስ ይለኛል። ግን ከነምክንያቱ ይጻፉት።»

ከዚያ ሃያ ሦስቱን በየስማቸው ጠራች፤ ማን የማን ልጅ እንደሆነ፣ አንዳንዱን ስንተኛ ክፍል ድረስ እንዳስተማረችው እየጨመረች። እየተጠሩ ከጥላው ወጡ። አቶ ዶሌቦ ፈገግታው ጠፍቷል፤ ለእያንዳንዱ አንዳንድ ባቄላ እያነሣ ወደ ከረጢቱ መለሰ። ሁለት መቶ ሃያ ስድስት ቀረ። መዲና «ቁጥሩ እውነት ነው» አለች። ረውዳ ግን ቆማ ታለቅስ ነበር፤ መዲና እሷን ማየት አልቻለችም።

አራት ሰዓት ሲሆን ወፍጮው ጮኸ፤ አውቶቡሱ ሄደ። የዋርካ ምንጭ ሰው መዲናን ሰላም ሳይላት ተበተነ። ወሎ ውስጥ ሰው ሰላም ካልተባለ ቢመታ ይሻለዋል። ሐጂ ሁሴን በአጠገቧ ሲያልፉ «አዋረድሽን» ብቻ አሉ።

ሰኞ ዕለት ክፍሉ ጠፋ። የዘጠነኛ ክፍሉ የምስል መምህር ስለ ሦስት ማዕዘን እያስረዳ ነበር፤ ሁለት ጎን አስምሮ ሦስተኛውን ሳይገጥም ጠፋ። አሥራ አራቱ ልጆች ባዶውን ግድግዳ እያዩ ትንሽ ቆዩ፤ ይመለስ ይሆናል ብለው ነው። ማክሰኞ በሩ ስማቸውን አልጠራም። አምስቱ ወንዶች ቦርሳቸውን ሸክፈው ቆላ ለመውረድ ተዘጋጁ። ሴቶቹ ማሰሮና ጄሪካን ይዘው ምንጭ ሲወርዱ መዲና በቢሮዋ መስኮት አየቻቸው።

ያን ቀን ከሰዓት ሐጂ ሁሴን ቤት ሄደች። ደጁ ክፍት ነበር፤ «ግቢ» ብሎ የተቀበላት ግን የለም። ሐጂ መደብ ላይ ተቀምጠው ነበር። ቆማ ተናገረች።

«ነገ ጠዋት ረውዳን ይላኩልኝ።»

«ወዴት? በሩ እንደሆነ ስሟን አያውቅም።»

«እኔ አውቀዋለሁ።»

«ማን ሊያስተምራት?»

«እኔ ነኛ! እኔ ሒሳብ ሳስተምር ምስሉ ገና አልተፈጠረም ነበር።»

ሐጂ አንገታቸውን ደፍተው «በምን ቁጥር? አይመዘገቡ፣ አይመደብላቸው» አሉ።

«አይመዘገቡም። አይመደብላቸውምም። ይማራሉ።»

«ለካ እንዲህም ይቻላል?»

«ሕጉ የሌለ ልጅ እንዳንጽፍ ነው የሚከለክለን፣ ሐጂ። ያለን ልጅ እንዳናስተምር አይልም።»

አረጋዊው ቀና ብለው አዩዋት። ዓይናቸው እንባ ሞልቶ ነበር፤ ሊደብቁትም አልሞከሩ። «በቁም ቀን ያልኩሽን እርሺው» አሉ። «ቁጭ በይ። እስካሁን ያቆምኩሽም እኔው ነኝ።»

«ቁጭ የምለው ጂኦግራፊ አስተምራለሁ ካሉኝ ነው።»

«እኔ?»

«ይህን አገር በእግሩ የለካ ሌላ ማን አለን?»

ሐጂ ከዘራቸውን ፈለጉ። መጀመሪያ ያሰቡት አሁኑኑ ሄዶ መጀመርን ነበር፤ ረውዳ ናት ከጓዳ ወጥታ «አባባ፣ ነገ ነው» ያለቻቸው።

በማግሥቱ ሁለት መቶ አሥራ ሁለት ልጅ በሩ ጠርቶ ካስገባ በኋላ አሥራ አራቱ ተከትለው ገቡ። አምስቱ ወንዶች ሲያልፉ ቦርሳቸው አሁንም ጀርባቸው ላይ ነበር፤ ለቆላ የተሸከፈ ስንቅ ስለነበረበት የዚያን ቀን ምሳ ለሁሉም በቃ። በጠፋው ክፍል ግድግዳ ላይ መዲና በከሰል ሦስት ማዕዘን ሠራች፤ ከሦስተኛው ጎን ጀመረች። ሐጂ ሁሴን ከቤት ውጭ መሬቱን በከዘራቸው እየጫሩ ተራራና ወንዝ አስተማሩ። የቀበሌው አዋላጅ የሰውን አካል አስተማረች፤ ብዙ ተሳቀ፣ ግን ተማሩ። ወንበር የሠራ ሠራ፣ መጽሐፍ የገለበጠ ገለበጠ። ሰላምታውም ተመለሰ፤ ማንም ይቅርታ አልጠየቀም፣ ማንም አልጠበቀም። በታኅሣሥ የዋርካ ምንጭ ሰው ስለ ዘጠነኛ ክፍሉ ለመንገደኛ ሲያወራ፣ ነገሩን ሁሉ ከመጀመሪያው ያቀደው ይመስል ነበር። መዲና ትሰማለች፣ አታርምም።

ጥር ላይ አቶ ዶሌቦ ሳይጠበቅ መጣ። በሩ በየቀኑ ከመዝገቡ በላይ አሥራ አራት ሰው እንደሚያልፍ አውቆ ነበር፤ እንዲህ ያለው ነገር ዋናው ቢሮ ዘንድ ሁልጊዜ ሌባ ማለት ነው። ፊቱን አኮሳትሮ ነበር የመጣው። ጂኦግራፊው ላይ ደረሰ። አሥራ አራት ልጆች አንድ ሽማግሌ ከበው ተቀምጠዋል፤ መሬቱ ላይ ዓባይ ከነገባሮቹ ተሥሏል።

«እነዚህ የማን ናቸው?» አለ።

«የእኛ» አለች መዲና።

«መዝገብ ላይ የሉም።»

«አዎ፣ የሉም።»

«ለነሱ ምን ጠይቃችኋል? መምህር? መጽሐፍ? ምን ተቀብላችኋል?»

«ምንም።»

አቶ ዶሌቦ የሕጉን ሰሌዳ አወጣና ቆሞ ያነብ ጀመር። ብዙ አነበበ። ስም ኖሮ ልጅ ለጠፋበት ቅጣቱ ከገጽ ገጽ ሞልቷል፤ ልጅ ኖሮ ስም ለጠፋበት ግን አንድም መስመር የለም። ሕጉን የጻፉት ሰዎች እንዲህ ያለ ጥፋት ይመጣል ብለው አላሰቡም ነበር። ሰሌዳውን አጠፈውና ልጆቹን በጣቱ ጭምር ቆጠራቸው፤ አንድ ጊዜ፣ ደግሞ ሁለተኛ ጊዜ። ረውዳ ሲደርስባት ከዓባይ ላይ ቀና ብላ አየችውና ተመልሳ ሥራዋን ቀጠለች።

«እኔ ሃያ ዓመት ቆጥሬያለሁ» አለ በመጨረሻ፣ ድምፁ ዝቅ ብሎ። «መዝገቡ ከልጆቹ አንሶ ያገኘሁት ዛሬ ነው።»

መዲና ልቧ ሞላ። ኩራቷን አልደበቀችም፤ ምን አጠፋችና ትደብቃለች።

«ያም ሆኖ ስህተት ነው» አለ አቶ ዶሌቦ ጉሮሮውን ጠርጎ። «ሁለት መቶ አሥራ ሁለት ተጽፎ ሁለት መቶ ሃያ ስድስት መገኘት የለበትም። መዝገቡና ግቢው መስማማት አለባቸው። እንዴት እንደሚታረም ቢሮው ይጠይቀኛል፤ ምን ልበላቸው?»

«እርማቱ ቀላል ነው፤ ዘጠነኛ ክፍላችንን ይመልሱልን» አለች መዲና። ከዚያ የከሰሏን ቁራጭ ከኪሷ አወጣች። «አሁን ይቅርታ ያድርጉልኝ፤ የሐጂ ክፍለ ጊዜ አልቋል፣ የእኔ ተራ ነው።»